እምቢ የማለት ዋጋ፦ ከትልቅ የጥብቅና ቢሮ ወደ ሐዋሳ

የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ሲቃረብ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች አንድ ሁለቱ ቢሮዬ ጎራ ማለታቸው አይቀርም። የሚያመጡት ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ አዲስ አበባ ካሉት ትልልቅ የጥብቅና ቢሮዎች በአንዱ ለመቀጠር መልፋት ይሻላል ወይስ እዚሁ በዐቃቤ ሕግነት ወይም በዳኝነት ልምድ ይዞ በኋላ የራስን ፈቃድ አውጥቶ መሥራት? መልሱንም ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ። እዚያ ገንዘብ አለ፣ እዚህ ዕረፍት አለ ይላሉ። እኔ በሁለቱም በኩል ሠርቻለሁና ክፍፍሉን እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። ገንዘቡም ዕረፍቱም በሁለቱም ቦታ ይገኛል፣ በሁለቱም ቦታ ይጎድላል። በእኔ ግምት ጠበቃን በሥራው የሚያስደስተውም የሚያስመርረውም ሌላ ነገር ነው፤ እሱም «ይህን ጉዳይ አልይዝም» ወይም «ይህን በዚህ መንገድ አልሠራውም» ማለት መቻሉ ነው። ይህ ደግሞ በነፃ አይገኝም፤ ዋጋውን ትልቁ ቢሮ በአንድ መልክ፣ ትንሹ በሌላ መልክ ያስከፍላል።

በእኛ አገር ትልቅ የሚባለው ቢሮ ጠበቆቹ በደርዘን የሚቆጠሩ ነው። በኒውዮርክና በለንደን በዚሁ ስም የሚጠራው ግን በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው፣ ከአንድ ሺህ በላይ ጠበቆች የሚያሠራ ድርጅት ሊሆን ይችላል። እኔ አዲስ አበባ በሠራሁባቸው ዓመታት ቢሮው በሕግ ፊት ድርጅት እንኳ አልነበረም፤ ፈቃዱ የየግል ነበር፣ አንድ ያደረገን የመሥራቹ ስምና የምንጋራው ፎቅ ነበር። ጠበቆች ተሰባስበው የሕግ ሰውነት ያለው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ በር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። በዚያው ዓመት አዲሱ የንግድ ሕግ፣ የካፒታል ገበያ አዋጅና የመጀመሪያው የግል የቴሌኮም ፈቃድ ተከታትለው መጡ፤ በ2017 ደግሞ ባንኩን ለውጭ ባለሀብት የሚከፍተው አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ተጨመረ። እያንዳንዱ ሕግ ለትልልቆቹ ቢሮዎች ሥራ ይዞ ስለሚመጣ የተመራቂዎቹ ዓይን ወደዚያ ቢያይ አይፈረድባቸውም።

የእነዚህ ቢሮዎች አሠራር ግን እዚህ የተፈለሰፈ አይደለም። ፖል ክራቫዝ የተባለ የኒውዮርክ ጠበቃ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሥራ ላይ ያዋለው ሥርዓት ነው፤ ከጥሩ የሕግ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን በጀማሪነት መቅጠር፣ በአንጋፋዎች ሥር ለዓመታት ማሠልጠን፣ ከዚያም ወይ ሸሪክ፣ ማለትም የቢሮው ባለድርሻ፣ ማድረግ ወይ ማሰናበት። የሰዓት ሒሳቡ በኋላ የመጣ ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው አነስተኛ ጽሑፍ የጠበቆች ገቢ ከሐኪሞችና ከጥርስ ሐኪሞች ወደ ኋላ መቅረቱን አንሥቶ ጠበቆች የሥራ ሰዓታቸውን እንዲመዘግቡ መከረ፤ ለአንድ ዓመት ይበቃል ያለው ለደንበኛ የሚከፈልበት ሰዓት 1,300 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቆች በማኅበራቸው አማካይነት የሚያወጡትን አነስተኛ የክፍያ ተመን ሕገ ወጥ ስላለው የሰዓት ክፍያው ይበልጥ ተስፋፋ። ዛሬ በአሜሪካ ትልልቅ ቢሮዎች የሚጠበቀው በዓመት 1,900 ወይም 2,000 ሰዓት ነው። በዓመት 50 ሳምንት ለሚሠራ ሰው 2,000 ሰዓት ማለት በሳምንት 40 ማለት ነው፤ ይህ ግን ለደንበኛ የሚታሰበው ብቻ ሲሆን ስብሰባው፣ ሥልጠናው፣ ምሳው፣ ኮምፒውተሩ እስኪከፈት መጠበቁ አይገባበትም። ለዚህም የሚከፈለው ትንሽ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በኒውዮርክ የጀማሪ ጠበቃ የዓመት ደመወዝ 225,000 ዶላር ደርሷል።

የእኔ ደመወዝ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም፣ ታይም ሺቱ ግን ያው ነበር። አንዱ ሰዓት ለአሥር ተከፍሎ እያንዳንዱን 6 ደቂቃ በምን እንዳሳለፍኩ እጽፍ ነበር። ልማዱ ከቢሮ ተከትሎኝ ቤት ይገባ ጀመር፤ እናቴ ደውላ ስለ ጎረቤት ሰርግ ስታወራኝ ግማሽ ልቤ ስንት 6 ደቂቃ እንዳለፈ ይቆጥራል። ሰዎች ትልቅ ቢሮ ያሰለቻል ሲሉ የሚያነሡት የሰዓቱን ብዛት ነው። እኔን የከበደኝ ብዛቱ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ሐዋሳ ላይ ከዚያ ያልተናነሰ ሠርቻለሁ። የከበደኝ ሥራው ተቆራርሶ መምጣቱ ነው።

አንድ ምሽት ትዝ ይለኛል። የውጭ ባለሀብት የአንድን የአገር ውስጥ ኩባንያ አክሲዮን ሊገዛ ፈልጎ የኩባንያውን ውሎች የመመርመሩ ሥራ ለእኛ ቢሮ ደርሷል። ለእኔ የተሰጠኝ የመጋዘንና የሱቅ ኪራይ ውሎችን ማንበብ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ውል የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የኩባንያው ባለቤትነት ሲለወጥ አከራዩ ውሉን ለማፍረስ መብት አለው ወይስ የለውም? መስኮቱ ላይ የቦሌ መብራት እየታየ፣ ከጎኔ ያለችው ባልደረባዬ የሠራተኛ ውሎችን፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለው የግብር ደብዳቤዎችን እያነበበ፣ ሌሊቱ ሲጋመስ ውጤታችንን ወደ አንድ ሰነድ አስገባን። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ተስተካክሎ ወደ ለንደን ሄደ። ግዢው መፈጸሙን ከወራት በኋላ ያወቅኩት ከጋዜጣ ነው። ገዢውን አላየሁትም፣ ሻጩን አላየሁትም፣ ያ የኪራይ ጉዳይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይሁን ሳያደርግ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያው ልክ ያ ቢሮ የሰጠኝን መካድ ግፍ ይሆናል፤ ትልቅ ቢሮን ትተው የወጡ ሰዎች ሲጽፉ የሚያልፉት ይህን ነውና ትንሽ ልቆይበት። እዚያ የምጽፈውን ሁሉ የሚያነብ ሰው ነበረ። አንድ አንጋፋ ጠበቃ ረቂቄን በቀይ እስክሪብቶ አጨማልቆ ይመልስልኝና «አንተ፣ ይቺ ዐረፍተ ነገር ነገ ፍርድ ቤት ብትቀርብ የሚጠቀምባት ማነው?» ይለኝ ነበር። ከዚያ ጥያቄ የተማርኩትን አምስት ዓመት በተማርኩበት ክፍል ውስጥ አላገኘሁትም። ቤተ መጻሕፍቱ ነበረ፤ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ተደርድረው፣ የትኛው በኋላ እንደተለወጠ በእርሳስ ተጽፎባቸው ይቀመጡ ነበር። የሰበር ውሳኔ በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት የሚያስገድድ በሆነበት አገር ያ የእርሳስ ጽሑፍ የማይናቅ ሀብት ነው።

ከዚህም የበለጠ፣ ያኔ ያላስተዋልኩት አንድ ነገር ነበረ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ስሙ በቅድሚያ የጥቅም ግጭት ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ቀድሞ ከያዝናቸው ደንበኞች ከአንዱ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ጉዳዩ አይያዝም። እምቢ የሚለው ቢሮው ነው። ማንም ሰው በግሉ ፊቱን አዙሮ ማንንም አያስቀይምም፤ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ በቃ። ግን ይህ እምቢታ የቢሮው እንጂ የእኔ አልነበረም። አንድ ቀን ሊያባርራቸው ላሰባቸው ሠራተኞች በተቻለ መጠን ትንሽ ለመክፈል የሚፈልግ ደንበኛ የሕግ አስተያየት ጠየቀና ሥራው ለእኔ ደረሰ። የጠየቀው ሁሉ በሕግ የተፈቀደ ነበር። ያም ሆኖ አስተያየቱን መጻፍ አልፈለግኩም፤ ጻፍኩት። ሰዓቱም ተመዘገበ።

የሥራ እርካታን የሚያጠኑ ሰዎች ይህንን ስሜት ለክተውታል ማለት ይቻላል። ሎረንስ ክሪገር የተባሉ የሕግ መምህርና ኬነን ሼልደን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት በአራት የአሜሪካ ግዛቶች ከ6,000 የሚበልጡ ጠበቆችን ጠይቀው ነበር። ከጠበቆቹ ደኅንነት ጋር አጥብቀው የተያያዙት በሥራ ላይ በራስ መወሰን መቻል፣ ከሰዎች ጋር ያለ ቅርበትና ሥራን አውቆ የመሥራት ስሜት ነበሩ፤ ፍጹም ትስስር 1፣ ምንም ትስስር አለመኖር 0 ተብሎ ሲለካ፣ የሦስቱም ትስስር ከ0.60 በላይ ነው። የገቢ ትስስር 0.19፣ የትምህርት ቤት ውጤት ደግሞ 0.12 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሸሪክ መሆንስ? የሚለካ ልዩነት አላመጣም፤ አዲስ ሸሪኮች ከአንጋፋ ተቀጣሪ ጠበቆች በጣም የተሻለ እየተከፈላቸው በደስታ ግን አልበለጧቸውም። በመንግሥትና በሕዝብ አገልግሎት የተሰማሩት ጠበቆች በክብራቸውና በክፍያቸው ከሚታወቁት ቢሮዎች ጠበቆች የተሻለ ደስተኞች ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት 12,825 አሜሪካውያን ጠበቆችን ጠይቆ 20.6 በመቶው ችግር ያለበት የአልኮል አጠጣጥ፣ 28 በመቶው የድብርት ምልክት እንዳላቸው አሳየ፤ የመጠጡ ነገር ጎልቶ የታየውም በሥራው የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ላይ ባሉት ዘንድ ነው። ይህን አንብቦ ጠበቃ ሁሉ ምስኪን ነው ማለት ግን ስህተት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ሙያው የገቡትን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አብዛኞቹ ጠበቃ ለመሆን በመወሰናቸው ደስተኞች ሆነው አግኝቷቸዋል።

እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ሳነብ ለመሄድ ምክንያት የምፈልግ ሰው ስለነበርኩ ደስ አሉኝ። ዛሬ ግን አንድ ነገር እጨምርባቸዋለሁ። የተጠየቁት ጠበቆች የቤት ኪራያቸውን የሚከፍሉ፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት የማያሳስባቸው ሰዎች ይበዙባቸዋል። ለጠገበ ሰው ተጨማሪ እንጀራ ደስታ አይጨምርም ማለት እንጀራ ለማንም ደስታ አይሰጥም ማለት አይደለም። በራስ መወሰን ከገቢ ይበልጣል የሚለውን የምቀበለው በራስ ለመወሰን የሚያስችለው ገቢ ካለ በኋላ ነው።

ወደ ሐዋሳ ስመለስ ከተማይቱ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀምሯል፤ ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሴቶች በጠዋትና በማታ ፈረቃ አውቶቡሶቹን ይሞላሉ፤ የአከራይ ፊትም በየወሩ ይከብድ ነበር። ቢሮ ተከራየሁ፣ አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር አስገባሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያገኘሁት ደስታ የውሸት አልነበረም። ጉዳዩ ከበሩ ገብቶ እስከ አፈጻጸም ድረስ የእኔ ነው፤ ባለጉዳዩን አውቀዋለሁ፣ የክስ ማመልከቻውን እኔ እጽፈዋለሁ፣ በቀጠሮው ቀን ከችሎቱ በር ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር እኔው አንብቤ እገባለሁ።

ከነዚያ ጊዜያት የአንዲት ልብስ ሰፊ ጉዳይ አይረሳኝም። የስንብት ደብዳቤዋን አራት አጥፋ በስልኳ ሽፋን ውስጥ አድርጋ ነው የመጣችው።

«ጋሼ፣ መመለስ አልፈልግም» አለች ከመቀመጧ። «የሚገባኝን ይስጡኝና ልሂድ።»

ደብዳቤውን ዘርግቼ መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር፣ ከውል መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሦስቱ ወር አልፏል፤ ስድስቱ ግን ገና ነው። የስንብት ክፍያው ሒሳብ የሚታወቅ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። በእሷ ደመወዝ ተባዝቶ የሚመጣው ብር፣ አዲስ አበባ በነበርኩበት ቢሮ ለአንድ ሰዓት ምክር የሚጠየቀውን ያህል እንኳ አይሆንም ነበር። ግን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባል የለ፣ እሷን ያንገበገባት የብሩ መጠን አልነበረም። ተፈረደላት፤ አሠሪው ሳይጎትት ከፈለ። ገንዘቡን ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ጊዜ ቆጥራ የእኔን ድርሻ ራሷ ነጠለችና ወደ እኔ ከመግፋቷ በፊት «ደረሰኝ ይቆረጥልኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ደረሰኝ ስቆርጥ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ታሪኩ የሚያምር ነበር፤ ተመራቂዎቹም መስማት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን እንደ እሷ ባለው ጉዳይ የቢሮ ኪራይ አይከፈልም። ኪራዩን ይከፍሉልኝ የነበሩት በወር ክፍያ የያዙኝ ሁለት ሦስት ድርጅቶች ነበሩ፤ ከነሱም ትልቁ ከፓርኩ ጋር የሚሠራ ነበር። አሜሪካ ኢትዮጵያን የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከሚያስገቡበት ከአጎዋ ተጠቃሚነት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታስወጣ፣ ከዚያ ቀደም ብሎም ከፓርኩ ታላላቅ ባለሀብቶች አንዱ እንደሚወጣ ሲያስታውቅ፣ ሥራው ተቀዛቀዘና ያ ደንበኛዬ ውሉን አላደሰም። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ደንበኛ ቢሄድ ወሬው የሸሪኮች ነበር፤ ደመወዜ በወሩ መጨረሻ ይገባል። እዚህ የደንበኛው መሄድ በቀጥታ የቤቴ ጉዳይ ሆነ።

ያኔ ነው እምቢ የማለት አቅሜ ከየት እንደመጣ የገባኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማልፈልገውን ጉዳይ እየመለስኩ፣ ለድሃ በነፃ እየቆምኩ የሠራሁት በራሴ ቆራጥነት ይመስለኝ ነበር፤ ወጪውን ይሸፍን የነበረው ግን ከትልቁ ቢሮ ይዤው የመጣሁት ቁጠባ ነው። የውሎችን ቁራጭ በሌሊት ያነበብኩበት ገንዘብ የልብስ ሰፊዋን ጉዳይ ደግፎታል። ቁጠባው እየሳሳ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ዋጋው ሁሉ ሲንር፣ የምመልሳቸው ጉዳዮች ቁጥርም አብሮ እየቀነሰ መጣ።

ገንዘቡ ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ብትሆንም የጠበቃ ዓለሟ ጠባብ ነው። ከሳሹ የዕድር አባሌ፣ ተከሳሹ የቤት አከራዬ አጎት ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው በቡና ሰዓት ቤቴ ድረስ መጥቶ የወንድሞቹን የውርስ ክርክር እንድይዝለት ሲጠይቀኝ፣ ሌላኛው ወንድም ባለፈው ዓመት ምክር ጠይቆኝ እንደነበረ መናገር አልችልም፤ ምስጢሩ ነውና። «አልችልም» ብቻ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ እናቱ እናቴን ታውቃታለች። አዲስ አበባ በደብዳቤና በማኅተም ያልቅ የነበረው ነገር እዚህ ሲኒ ይዘን ዓይን ለዓይን እየተያየን የሚፈጸም ነው፤ ከዚያም በኋላ ለወራት በሰርግና በለቅሶ ላይ ይከተለኛል። ትልቁ ቢሮ ውስጥ እኔ ራሴ እምቢ ማለት አልችልም ነበር፣ እምቢ የሚልልኝ ግን ነበረ። እዚህ እምቢ ለማለት የሚከለክለኝ አለቃ የለም፤ የሚልልኝም የለም።

ረቂቄን የሚያነብልኝም የለም። ይህንን ቀላል አድርጎ የሚያየው ብቻውን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። የንግድ ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ አንዳንድ የማኅበር ጉዳይ ሲመጣ የጻፍኩትን ለሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ እንደ ባላጋራ ጠበቃ ሆኜ መልሼ አነበዋለሁ። ይረዳል፤ ቀዩን እስክሪብቶ ግን አይተካም። ከሲዳማ ክልል መመሥረት ወዲህ ደግሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ሆኗል፤ እኔ በገበያ ደረጃ እግባባበታለሁ፣ የሕግ ክርክር ለማድረግ ግን አይበቃኝም። አዲስ አበባ ሙሉ ቀን በእንግሊዝኛ ስጽፍ የኖርኩ ሰው እዚህ ከእኔ በልምድ ያነሰ ወጣት ጠበቃ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲከራከር ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ፤ ሙያው የሚያስከብረው ሰውም እንደ ቦታው ይለያያል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ተመራቂዎቹ ብዙም አያነሡትም፣ ወላጆቻቸው ግን ያነሡታል። የባንክ ነገረ ፈጅ መሆን ነው። ደመወዙ ከትልቅ ቢሮ ሊያንስ ይችላል፤ ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በአነስተኛ ወለድ የሚሰጡት የቤትና የመኪና ብድር ግን ከደመወዙ ይበልጣል። አብረውኝ ከሠሩት ጠበቆች ጥሩ ጥሩዎቹ ወደዚያ ሄደዋል። ደንበኛቸው አንድ ነው፣ እምቢ ቢሉት የሚሄዱበት ሌላ የለም፤ ብድሩም እስኪያልቅ ድረስ ያቆያቸዋል። አልነቅፋቸውም፤ አንዳንዶቹ ከእኔ ይልቅ በደንብ ይተኛሉ።

እንግዲህ ለተማሪዎቹ የምለው ምንድን ነው? ባለፈው ጊዜ ከመጡት አንዷ፣ ኮስተር ያለች ልጅ፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን «ታዲያ ጋሼ፣ ተመልሰው ቢጀምሩት የትኛውን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ። መጀመሪያ ትልቁ ቢሮ ግቢ አልኳት። ነገር ግን ስትገቢ የምትጠይቂው ስለ ደመወዝ ብቻ አይሁን፤ ረቂቅሽን የሚያነበው ማን እንደሆነ ጠይቂ፣ ስምሽን አስገብተሽ ችሎት የምትቆሚበት ጉዳይ እንዳለ ጠይቂ፣ ከመሥራቹ ሌላ ሸሪክ ሆኖ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠይቂ። በአገራችን ብዙ ቢሮዎች የሚታወቁት በአንድ ሰው ስም ነው፤ ደንበኛውም የሚመጣው ለዚያ ሰው ነው። ሸሪክነት በቃል ብቻ ቃል የተገባልሽ ከሆነ፣ ለደንበኛ እንደምትመክሪው ለራስሽም በጽሑፍ ይሁን በይ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ደመወዝ ደግሞ ሁሉንም ለአዲስ አበባ ኑሮ አታውጪው። «እሱን ማን ይችላል?» ብላ ሳቀች፤ እውነቷን ነው፣ የአዲስ አበባን ኪራይ እየከፈለ የሚቆጥብ ጀማሪ ጥቂት ነው። እኔ የቻልኩት ከአክስቴ ቤት እኖር ስለነበር ነው።

ለራሴ ደግሞ አሁን የያዝኩት ሐሳብ ብቻዬን መሥራቱን መተው ነው። ሁለት ጠበቆች፣ አንዱ ያ በሲዳሙ አፎ የሚከራከረው ወጣት፣ ሌላዋ ለዓመታት በዳኝነት ያገለገለች ሴት፣ ከእኔ ጋር አንድ ቢሮ ለመጋራትና ጉዳዮችን በጋራ ለመያዝ ተስማምተናል። የውሉን ረቂቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በመጨረሻ የሚያነብልኝ አግኝቻለሁና ሁለቱም በየፊናቸው አርመው መልሰውልኛል። ገቢውን በምን እንደምንካፈል ሳንቸገር ተስማማን፤ የቢሮ ወጪ እኩል ይወጣል፣ የጉዳዩ ክፍያ ጉዳዩን የሠራውን ይከተላል። የሰዓት መዝገብ እንዳይኖር የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ የተቃወመም የለም።

ያልተስማማንበት አንድ አንቀጽ አለ። እኔ ያስገባሁት ድንጋጌ ማናቸውም አባል አንድን ጉዳይ ምክንያት ሳይሰጥ ሊመልስ እንደሚችል፣ ሌሎቹም በእሱ ምትክ ለባለጉዳዩ በቢሮው ስም መልስ እንደሚሰጡ ይላል። የቀድሞዋ ዳኛ ምክንያት ሳይሰጥ የሚለውን ሰርዛ «በጽሑፍ ምክንያቱን ለሌሎቹ አባላት በመግለጽ» ብላ አርማዋለች፤ ምክንያት የሌለው ውሳኔ ያስለመዳት ችሎት የለም። ወጣቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ ጉዳዩ የዚያን ወር ኪራይ የሚከፍል ብቸኛው ጉዳይ ከሆነስ? ለዚህ የሚሆን ንዑስ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስታችንም ተቀምጠን እንሞክረዋለን።